ምላሱ የማይደርስበት

«ውሻ ሐኪሙ ምላሱ ነው» ትል ነበር አያቴ። ውሻችንን መከታን እግሩን ሽቦ ሲቆርጠው ወይም የሰፈር ውሻ ጎኑን ሲዘነጥለው ከቆርቆሮ ቤቱ ገብቶ ይጋደማል። ሁለት ሦስት ቀን ቁስሉን ሲልስ ይሰነብትና አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ጅራቱን እየቆላ ብቅ ይላል። ለላም መድኃኒት ይገዛል፤ ለበግም ይገዛል። ለውሻ መድኃኒት መግዛት ግን በእኛ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም ነበር። ውሻ ምላሱ የማይደርስበት ቦታ እንዳለው እኔ ያወቅሁት በ1988 ዓ.ም. ክረምት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ኮተቤ ያኔ የአዲስ አበባ ጫፍ ነበረች። ከጓሯችን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ነው፤ ማታ ማታ ጅብ እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣል። አባቴ ሾፌር ሆኖ ይሠራበት ከነበረው የፈረንጅ ቤት ቡችላውን በካርቶን ይዞት የመጣው ለጅቡም ለሌባውም መከታ ይሆነናል ብሎ ነው። ስሙም ከዚያው ወጣ። እናቱ ጆሮዋ እስከ አገጯ የሚወርድ የፈረንጅ ውሻ ነበረች፤ አባቱ አጥር ሾልኮ የገባ የሰፈር ውሻ። መከታ ቁመናውን ከአባቱ፣ ጆሮውን ከእናቱ ወረሰ። የሌሎቹ ውሾች ጆሮ ቀጥ ብሎ ወይም ጫፉ ብቻ ታጥፎ ሲቆም የእሱ እንደ ኮባ ቅጠል ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን ይከድነው ነበር። እኛ ልጆቹ ያንን ጆሮ እንወደው ነበር። ስንቀመጥ በጣታችን እናጥፈዋለን፣ እንዘረጋዋለን፣ ዓይኑን እንሸፍንበታለን።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ መከታ ራሱን ማራገፍ ጀመረ። ከውሃ የወጣ ውሻ እንደሚያደርገው አንዴ አራግፎ አይተውም፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያራግፋል። ሰንሰለቱ ይንሿሿል፤ ጆሮው ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ጧ ጧ ይላል። ከዝናቡ ድምፅ ለይቼ እየሰማሁት አልጋዬ ውስጥ እገላበጥ ነበር። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ምሳውን ላቀብለው ጎንበስ ስል አንድ የማውቀው፣ ግን ከውሻ ጋር የማላገናኘው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ እንደ ልማዴ ጆሮውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አጉረመረመና የሹራቤን እጅጌ በጥርሱ ያዘው። ቆዳዬን አልነካውም። እጅጌውን ለቅቆ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ገባ፤ ጀርባውንም ሰጠኝ።

ወሬው ከእኛ ግቢ ለመውጣት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። ግንቦት ላይ በሰፈራችን ያበደ ውሻ አንድ ልጅ ነክሶ ነበር። ልጁ ክትባት ወደሚሰጥበት ፓስተር እየተመላለሰ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ ከርሟል፤ እናቱ እጁን ይዛ ወደ ታክሲ ስትሄድ ሁላችንም በር በሩ ላይ ቆመን አይተናል። የዚያን ዘመን ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ደጋግሞ መወጋት የሚጠይቅ ነበር። ይህን ያየ ሰፈር ራሱን የሚያራግፍና እጅ የሚይዝ ውሻ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች እንዲያልቁ መርዝ የተለወሰ ሥጋ በሌሊት ይጣል ነበር፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በየቦዩ ዳር እናያቸዋለን። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው አባቴን በአክብሮት፣ ግን ፊታቸውን አጥቁረው አነጋገሩት። «ልጆች አሉን» አሉት። አባቴ «እኔም አሉኝ» አለ።

አባቴ አልተቆጣቸውም። ፈረንጆቹ ቤት ሲባል የሰማው አንድ ነገር ነበር፦ የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቃል። አሥሩን ቀን ጤናውን ጠብቆ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። (ይህ የውሻው ፈተና ነው። የተነከሰ ሰው ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ፣ አሥሩን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።) መከታን ከጓሮ በኩል በአጭር ሰንሰለት አሰረው፤ ለእኛ ለልጆቹ ከምድጃ ቤቱ ጥግ እንዳናልፍ በከሰል መስመር አሠመረልን።

ምግቡን የምታቀብለው አያቴ ብቻ ሆነች። በረጅም እንጨት እየገፋች ሳህኑን ታስጠጋለታለች፣ ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ሌላ ሥራ ያላት አይመስልም ነበር። በአራተኛው ቀን እራት ላይ «ይህ ውሻ አላበደም» አለች። «ይበላል፣ ይጠጣል፣ ድምፁም ያው ነው። አንገቱን ግን ወደ ቀኝ ጥሏል። በኋላ እግሩ የሚያከው ቀኙን ብቻ ነው፤ ሲያክ ደግሞ ያቃስታል። ጆሮውን ነው።» አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። የአንድ እንስሳ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደሆነ ሳስብ ግን ዛሬም የምትታየኝ ያቺ ዱካ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት።

አሥሩ ቀን አለቀ። መከታ አልሞተም፣ አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ነው በሙሉ ልናገር የምፈልገው፤ በፍቅር የተደረገ ስለሆነ ነው የሚያሳዝነኝ።

መጀመሪያ ጤና አዳም መጣ። ለእኛም ጆሯችንን ሲያመን አያቴ ጨምቃ በዘይት ለብ አድርጋ የምትጨምርልን እሱን ነበር። ለመከታም አደረገችለት፤ አልጠቀመውም። ከጎረቤቶቻችን አንዱ አዛውንት ደግሞ «ትል ገብቶበት ይሆናል፤ ላምባ ጠብ አድርጉበት፣ ይወጣል» አሉ። አባቴ አመነ። እኔ የመከታን አንገት እንድይዝ ተጠራሁ። ላምባው ሲገባ የጮኸውን ጩኸት እዚህ ለመግለጽ አልሞክርም። ከእጃችን አምልጦ ሰንሰለቱን እየጎተተ ጭንቅላቱን በአጥሩ ግንድ ላይ ሲያሽ፣ አባቴ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያበጠና የተላጠ የጆሮ ቆዳ ላይ ላምባ ማፍሰስ እሳት ማፍሰስ ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ግን እናውቃለን ያሉንን ሰዎች አምነን ነበር።

ሦስተኛው የዓይን ቅባት ነው። ያቺን ትንሽ የቴትራሳይክሊን ቱቦ የማያውቅ የእኔ ዘመን ልጅ የለም። ለትራኮማ ከጤና ጣቢያ ትሰጣለች፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ግማሿ ተጨምቃ ትቀመጣለች፤ ዓይን ሲቀላም፣ ጉልበት ሲላጥም፣ ከንፈር ሲሰነጠቅም ትወጣለች። ለመከታም ወጣች። ቅባት ስለሆነች አላቃጠለችውም፤ ሁለት ቀን ያህል ማከኩን ቀነሰ። እኛም ደስ አለን። በሳምንቱ ግን ከበፊቱ ባሰ። ራሱን ከማራገፉ ብዛት በጆሮው ውስጥ ያለ የደም ሥር ተበጥሶ ጆሮው በደም ተሞልቶ እንደ ትራስ አበጠ። ያ እንደ ቅጠል ይታጠፍልን የነበረው ጆሮ ወፍራምና ትኩስ ሆነ።

ያኔ ነው አባቴ ከብቶች የሚያክም አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ይዞ የመጣው። ሰውየው ቆዳ ቦርሳ ነበረው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ወደ መከታ አልቸኮለም። ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ዝም አለ፤ መከታ እስኪያሸተው ጠበቀ። ከዚያ የጆሮውን ሥር ከውጭ በጣቱ ዳበሰ፣ ጥጥ በጣቱ ጠቅልሎ ከቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ ጠረገና ጥጡን ወደ እኔ ዘረጋው። ቡናማ፣ ቅባታማ ነገር ነው፤ የቡና አተላ ይመስላል።

«አሽትቺው» አለኝ።

አሸተትኩ። ሽታውን ያኔ አወቅሁት። አያቴ ጠላ ቀድታ ስትጨርስ ከእንስራው ሥር የሚቀረው አተላ ነው።

«እርሾ ነው» አለ። «እርሾ መሰል ፈንገስ። ጤነኛ ውሻም ጆሮው ውስጥ ትንሽ አለው፤ አይጎዳውም። ጆሮው ተከድኖ እርጥብ ሆኖ ሲከርም ግን ይፈላል። እናንተ ያደረጋችሁለት የዓይን ቅባት ባክቴሪያ እንጂ ፈንገስ አይገድልም።» ይህ ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ስለ መድኃኒት የተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ቅባት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ከጆሮው ውስጥ ካለው ነገር ጋር መገናኘት እንዳለበት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ደሙን በመርፌ ቀዳለት፤ በኋላ ተመልሶ ሞላ፣ ቀስ ብሎም ደረቀ። ፈንገስ ስለሚገድለው ቅባት ለአባቴ «ፈረንጆችህን ጠይቅ፤ እዚህ ፋርማሲ የምታገኘው አይመስለኝም» አለው። አባቴ በማግስቱ የተጀመረ ቱቦ ይዞ ገባ። ፓናሎግ ይላል። በደብተሬ ጀርባ የቱቦውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት፦ ኒስታቲን፣ ኒዮማይሲን፣ ታዮስትሬፕቶን፣ ትራያምሲኖሎን። አንዱንም አልተረዳሁትም። እንደ ድርሳን ስም ግን በቃሌ ያዝኳቸው።

አቀባቡን ያሳየን ያው ሰው ነው፤ ዛሬም የማደርገው እንዲሁ ነው። ቱቦዋን በመዳፌ ውስጥ ይዤ አሞቃታለሁ፤ ቀዝቃዛ ቅባት ያስደነግጠዋል። ፊት ለፊቱ አልቆምም፤ ከኋላው ተንበርክኬ ጀርባውን በጉልበቶቼ መሐል አደርጋለሁ። የጆሮውን ቅጠል ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ፤ የቱቦውን ጫፍ ከቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ አስገብቼ እጨምቃለሁ። ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የውሻ የጆሮ ቱቦ እንደ እኛ አጭርና ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዚያ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከላይ የተጨመረ ቅባት በራሱ ክርኑን አይሻገርም። ስለዚህ ከጆሮው ሥር፣ ከመንጋጋው ኋላ ያለችውን ጠጣር ቱቦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ቅባቱ ሲወርድ ጭልቅ ጭልቅ የሚል፣ ውሃ የገባበት ጫማ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ቅባቱ አልደረሰም። ከዚያ እጅን ለቆ ራሱን እንዲያራግፍ መተው፣ ወደ ላይ የወጣውን ቆሻሻ በጥጥ መጥረግ። የጆሮ ማጽጃ እንጨት ወደ ውስጥ መስደድ ግን ኩኩን ወደ ክርኑ መጠቅጠቅ ነው፤ እኔ አጠገቤ አላስደርስም።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ አፉን በሻሽ አሥሮ ያዘው። በሁለተኛው ቀን ሻሹን አላላው። በሦስተኛው ቀን ቱቦዋን ይዤ ብቅ ስል መከታ ራሱ መጣና ያንን የታመመ ጆሮውን ጉልበቴ ላይ ጣለው። አባቴ ምንም አላለም፤ ሻሹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በቅባቱ ውስጥ እብጠትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት እንደነበረበት፣ እፎይታው ከእሱ እንደመጣ አሁን አውቃለሁ። ያ ማወቄ የዚያን ሰዓት ደስታዬን አልቀነሰብኝም።

ሽታው በስድስተኛው ቀን ጠፋ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ብሎ ነበር። አባቴ ግን ቱቦዋን በብርሃን አየት አድርጎ «የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አለ፤ አያቴ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ድሃ ቤት ውስጥ የዳነ ነገር ላይ መድኃኒት ማባከን ኃጢአት ነው፤ አባቴን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። መስከረም ላይ መራገፉ ተመለሰ። የቀረችውን ቀባነው፤ አሁንም ሽታው ሲጠፋ አቆምን። በቀጣዩ ክረምትም እንዲሁ። ቱቦዋ ስታልቅ ሌላ አልተገኘም። በሦስተኛው ዓመት መከታ ስንጠራው በግራው በኩል ብቻ ዞሮ የሚያይ ውሻ ሆነ። ቀኙ ቅጠል እንደደረቀ ቆዳ ተጨማድዶ ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለው ቱቦም ጠጥሮ ጠቧል። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ጆሮው ግቢያችንን ጠበቀ።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ልጄ ከመጠለያ አንዲት የኮከር ስፓንየል ክልስ አምጥታ ቡና አለቻት፤ ቀለሟን አይታ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ መጀመሪያ ላይ አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር፤ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ክፍል ዛሬም አትገባም። በሌላው ሁሉ ተሸነፍኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ በሩን ስከፍት ቡና እየዘለለች ተቀበለችኝና ያ ሽታ መጣ። ከኮተቤ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፣ ጠላ ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ፣ አተላው ግን ያው አተላ ነው። ነጠላዬን ሳላወርድ ተንበርክኬ ጆሮዋን አነሳሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። መድኃኒት ከማንሳቷ በፊት ሁለት ነገር አደረገች። ከጆሮዋ በጥጥ የጠረገችውን መስታወት ላይ አስነክታ ቀለም ቀባችውና በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ሐምራዊ፣ ወገባቸው የጠበበ ቅንጣቶች፤ ጭቃ ላይ እንደቀረ የባዶ እግር ዱካ ይመስላሉ። ማላሴዚያ ይባላል አለች። የቆርቆሮ ቤታችንን ጧ ጧ ያሰኘውን ፈንገስ ዘመድ በዓይኔ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ሁለተኛው ነገር፣ መብራት ባለው መሣሪያ እስከ ክርኑ ማዶ ገብታ የጆሮዋን ታምቡር አየች። «ታምቡሩ ደህና ነው፤ አሁን ቅባቱን ማዘዝ እችላለሁ» አለች።

«ደህና ባይሆንስ?» አልኳት።

ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በተቀደደ ታምቡር አልፈው የውስጠኛውን ጆሮ ካገኙት መስማትን ሊያጠፉ እንደሚችሉ ነገረችኝ። ስለዚህ ሳይታይ አይጨመርም። ውሻው አንገቱን ጥሎ ሚዛኑን ከሳተ፣ እየዞረ ከወደቀ፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ከተርገበገበ ነገሩ ከታምቡሩ ማዶ አልፏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት የእሷን ድምፅ ነበር፤ የማየው ግን የመከታን አንገት ነበር። የላምባው ጠርሙስ፣ የዓይን ቅባቱ፣ ታምቡሩ ሳይታይ የጨመርነው ፓናሎግ፣ ደጋግሞ የተመለሰው ፈንገስ። ቀኝ ጆሮውን የወሰደው ከእነዚህ የትኛው ነው? ምናልባት ሁሉም እየተጋገዙ። ያ ደግ ሰውዬ ታምቡር የሚያይበት መሣሪያ በቦርሳው ውስጥ አልነበረውም፤ አፍንጫውና ጣቱ ብቻ ነበሩት፤ በእነሱም ከእኛ ሁሉ የተሻለ አየ።

ፋርማሲ የሰጡኝን ቱቦ ቤት ገብቼ ሳነብ የንግድ ስሙ ሌላ ነው፤ ከሥሩ ግን አራቱ ቃላት ተደርድረዋል። ኒስታቲን፣ ኒዮማይሲን፣ ታዮስትሬፕቶን፣ ትራያምሲኖሎን። ልጄ ሳላየው በቃሌ ስወጣው ሰምታ ደነገጠች።

በዚያ ሰሞን ነው ኒስታቲን የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የተከታተልኩት። ስሙ ራሱ ከኒው ዮርክ ስቴት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተዋወቁት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ኤልዛቤት ሊ ሄዘንና ሬቸል ፉለር ብራውን። ሁለቱም የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ሄዘን ኒው ዮርክ ከተማ፣ ብራውን አልባኒ። ሄዘን ከተለያየ ቦታ አፈር እየሰበሰበች ፈንገስ የሚገድል ተሕዋስ ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ አድርጋ በፖስታ ወደ አልባኒ ትልካለች፤ ብራውን ንጥረ ነገሩን ነጥላ በፖስታ ትመልስላታለች። ፍሬ ያፈራው አፈር የተገኘው ከወዳጆቿ የወተት ላም እርባታ ሲሆን፣ ተሕዋሱም በባለ እርሻዎቹ ስም ስትሬፕቶማይሲስ ኑርሰይ ተባለ። ሁለቱ ሴቶች ከፈጠራው የመጣውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት እንጂ ለራሳቸው አልወሰዱትም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጎርፍ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ ሻጋታ የበላቸው ሥዕሎች እንኳ በዚሁ መድኃኒት ታክመዋል። እኔን የነካኝ ግን እርሻው ያለበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ፣ ፎኪየር ካውንቲ፤ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በጥቅምት ቡናን ከኋላ ወንበር አስቀምጠን ከልጄ ጋር ሄድን። ላሞች የተሰማሩበት ኮረብታማ አገር ነው። ከመንገዱ ዳር አቁመን ወረድን፤ ቡና ሣሩን እያሸተተች ስትሄድ ኮተቤ ድረስ መጥቶ ጉልበቴ ላይ የወደቀውን ጆሮ ያሳረፈው ነገር ከዚህ አካባቢ አፈር እንደወጣ ለልጄ ነገርኳት።

ለቡና አሥራ አራቱንም ቀን ቀባኋት። በስድስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ እጄ ግን አላቆመም። ቱቦዋ ብታልቅ ሌላ እንደምገዛ ማወቄ እንዴት ያለ ቅንጦት እንደሆነ የገባኝ በሰባተኛው ቀን ምሽት ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወስጃት መስታወቱ እንደገና ታየ፤ ዱካዎቹ የሉም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ። ሐኪሟ አልተገረመችም። «ጆሮው በሩ ነው፤ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው» ዓይነት ነገር አለችኝ። ደጋግሞ የሚመለስ የጆሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ አለርጂ አለበት፤ ቆዳዋ ሲቆጣ የጆሮዋ ቆዳም ይቆጣል፣ ኩኩ ይበዛል፣ ፈንገሱ ግብዣ ያገኛል። ስምንት ሳምንት ሙሉ ከዚህ በፊት በልታው የማታውቀውን ሥጋ ብቻ ሰጠናት። ጆሮዋ ዝም አለ። የተቀቀለ ዶሮ ስንመልስላት በሳምንቱ ራሷን ማራገፍ ጀመረች። ዶሮ ነበር። ከቤታችን ለእሷ የሚሆን ዶሮ ወጣ። (ወጡንማ አስቀድሞም አናቀምሳትም ነበር፤ በዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። በአገራችን በበዓል ማግስት የወጥ ትራፊ ለውሻ የማይሰጥበት ቤት ጥቂት ነውና ይህንን ሳልናገር አላልፍም።) መከታ በክረምት ብቻ ይታመም የነበረው ከእርጥበቱ ይሁን ከሌላ ነገር፣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛ የምንፈልገው ሽታው እንዲጠፋ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኮተቤ ሄጄ ነበር። ባሕር ዛፉ የለም፤ ፎቅ ነው። ወንድሜ በዚያው ግቢ ይኖራል፤ ውሻም አለው። በመጀመሪያው ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የሰንሰለት መንሿሿት ነው። ጠዋት ወንድሜ «ጆሮውን አሞት ነው፣ እቀባዋለሁ» ብሎ መሳቢያውን ከፈተና የዓይን ቅባቷን አወጣ። ያቺው ቱቦ። ከእጁ ተቀብዬ መሳቢያው ውስጥ መለስኳት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የውሻ ጆሮ በመብራት የሚያዩ የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች የሚያሠለጥን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለን። ውሻውን በወንድሜ መኪና ኋላ ጭነን ወሰድነው። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲያይ ቆይቶ ከክርኑ ማዶ በመቆንጠጫ አንድ ነገር አወጣ፤ የገብስ ጢም የመሰለ የሣር እሾህ። የዓይን ቅባትም፣ ፓናሎግም፣ በዓለም ያለ ቅባት ሁሉ ቢፈስበት አያወጣውም ነበር። ወንድሜ እሾሁን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ አባታችን ሻሹን እንደከተተው።

እናንተም ዛሬ ማታ ውሻችሁን ከሰንሰለቱ ስትፈቱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጆሮውን አንሡና አሽትቱት።